ፍጥነቷን ወስዳችሁ ዕረፍቷን የከለከላችሁ

በሴፕቴምበር 2021 ናይሮቢ በዘጠኝ ቀን ልዩነት ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አየች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወሩ 9ኛ ቀን የኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስና የእኛው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴት ክለቦች ፍጻሜ ተገናኙ፤ ቪሂጋ 2 ለ 1 አሸንፎ ግብፅ ላይ ለሚደረገው የመጀመሪያው የካፍ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ አለፈ። በ18ኛው ቀን ደግሞ ፈርዲናንድ ኦማንያላ በካሳራኒ ስታዲየም 100 ሜትር በ9.77 ሰከንድ ሮጦ የአፍሪካን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ኦማንያላን በማግስቱ ተነሥተህ ድገመው ያለው ሰው የለም። ዐሥር ሰከንድ ያልሞላ ሩጫ ጡንቻንና ነርቭን ምን ያህል እንደሚያሟጥጥ የአትሌቲክስ ሰዎች ያውቃሉ። በልምምድ እንኳ አሠልጣኙ ሯጩን በሙሉ አቅሙ ካስፈተለከው በኋላ ለሚቀጥለው ዙር ደቂቃ ቆጥሮ ያሳርፈዋል። ሴቶቹ ግን ከኦገስት 28 ጀምሮ በ13 ቀናት ውስጥ የምድብ፣ የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ጨዋታዎችን አጠናቅቀዋል። በእያንዳንዱ 90 ደቂቃ ውስጥ መፈትለክ አለ፣ በድንገት መቆም አለ፣ መዞር፣ መዝለል፣ መውደቅ፣ ተነሥቶ እንደገና መፈትለክ አለ። ለእነርሱ ማን ደቂቃ ቆጠረ?

ተግሣጼ ለእናንተ ነው፤ የውድድር መርሐ ግብር ለምታወጡት፣ ክለብ ለምትመሩት፣ ለምታሠለጥኑት፣ በናይሮቢም በአዲስ አበባም ላላችሁት። ከልጅቱ ፍጥነቷን ትወስዳላችሁ። ያ ፍጥነት የሚመለስበትን ጊዜ፣ ምግብና እንቅልፍ ግን ትነፍጓታላችሁ። ባታውቁ ኖሮ ስሙ ቸልተኝነት በሆነ። ለማወቅ የሚያስፈልጋችሁ አብዛኛው ነገር ታትሞ ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታልና ስሙ በደል ነው።

ምሳሌውን ከዚሁ ከሰፈራችን ላምጣ። በኖቬምበር 2019 በዳሬሰላም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ ምክር ቤት (ሴካፋ) የሴቶች ዋንጫ ተካሄደ። ውድድሩ ከ16ኛው እስከ 25ኛው ቀን ነበር፤ ዐሥር ቀን። ሐራምቤ ስታርሌትስ የተባለው የኬንያ ብሔራዊ ቡድን በእነዚህ ዐሥር ቀናት አምስት ጨዋታ አድርጎ አምስቱንም አሸነፈ፣ በፍጻሜውም አስተናጋጇን ታንዛኒያን 2 ለ 0 ረታ። የእኛዎቹ ሉሲዎችም፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ በኬንያ ምድብ ውስጥ ነበሩ። አሁን ደግሞ ወንዶቹን ተመልከቱ። በኦገስት 2025 በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ወንዶች የሚሳተፉበት የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ ቻን፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ሲደረግ የኬንያ ወንዶች ቡድንም ከመጀመሪያ ግጥሚያው እስከ ሩብ ፍጻሜው አምስት ጨዋታ አደረገ። የመጀመሪያው በ3ኛው ቀን፣ አምስተኛው በ22ኛው ቀን ነበር። አምስት ጨዋታ በሃያ ቀን። ለሴቶቹ አምስት ጨዋታ በዐሥር ቀን! አዘጋጁ ሌላ ነው፣ በጀቱም ሌላ ነው ትሉኝ ይሆናል። ጡንቻ ግን አዘጋጁ ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ምክንያታችሁ የተሰወረ አይደለም። ቀን በተጨመረ ቁጥር የሆቴል፣ የምግብና የአበል ወጪ ይጨምራል። ስለዚህ ቀኑን ታሳጥራላችሁ፣ ወጪም ቀነሰ ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ወጪው ግን አልቀነሰም። ከሒሳብ መዝገባችሁ ወጥቶ ወደ ተጫዋቿ ጉልበት ተዛወረ፤ እሷም ለብቻዋ፣ ማንም በማያይበት፣ ከወራት በኋላ ትከፍለዋለች።

«አሸንፈው የለም ወይ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎን፣ አሸነፉ። ተጋጣሚዎቻቸውም በዚያው መርሐ ግብር የደከሙ ነበሩ፤ ከደከሙት መካከል አንዱ ማሸነፉ የግድ ነው። ድል የመርሐ ግብሩን ትክክለኛነት የሚያሳይ ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ቆመው የተሸነፉት ልጆች ሰውነት ምን ያሳያል? ያ ውድድር ካለቀ በኋላ ስንቶቹ እያነከሱ ወደ ክለባቸው እንደተመለሱ የቆጠረ አለን? ዋንጫው ፌዴሬሽን ቢሮ ተቀምጧል፣ ማንም ያየዋል። የዚያ ቆጠራ ሰነድ የት ነው?

ስፕሪንት፣ ማለትም በሙሉ ኃይል መፈትለክ፣ ከሰው ምን እንደሚጠይቅ በግልጽ እንነጋገር። ተጫዋቿ ከቆመችበት ተነሥታ በሙሉ ኃይሏ ስትፈተለክ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች የሚያንቀሳቅሳት በጡንቻዋ ውስጥ የተጠራቀመ ክሬቲን ፎስፌት የሚባል ነገር ነው። ወዲያው ያልቃል። ግማሹ እስኪተካ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሙሉው እስኪመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ጨዋታው ይህን ጊዜ አይሰጣትም፤ ኳሷ ተመልሳ በእሷ መስመር ትመጣለች። የሚተካውም በኦክስጅን ነው። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ስስ አየር ለአንድ ጊዜ ሩጫ እንቅፋት አይሆንም፣ እንዲያውም የአጭር ርቀት ሯጭን ይረዳዋል። ደጋግማ ለምትፈተለክ ግን በአንዱና በሌላው ሩጫ መካከል ያለውን ማገገም ያዘገያል። «ደገኞች ናቸው፣ ለምደውታል» እያላችሁ የምትዘሉት ይህን ነው። ደጋ ላይ መወለዷ የቀይ ደም ሴሏን ያበዛላት ይሆናል፤ ያለ ዕረፍት የምትሠራ ግን አያደርጋትም።

ከመሮጡም በላይ ጡንቻን የሚጎዳው መቆሙ ነው። የመስመር ተከላካይ ሠላሳ ሜትር ተፈትልካ ኳሱን ለመቁረጥ በሁለት እርምጃ ስትቆም፣ የጭኗ ጡንቻዎች እየተለጠጡ ሙሉ ክብደቷን ይይዛሉ። በዚያ ቅጽበት የጡንቻ ክሮች ይሰነጠቃሉ፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ ስትወርድ የምታነክሰው ለዚህ ነው። ይህ ሕመም ስንፍና አይደለም። ሰውነት ሲጠገን የሚያሰማው ድምፅ ነውና ጊዜ ስጡት።

በ2008 የታተመ፣ የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ያደረጉት አንድ ጥናት በዓለም ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ሴት ተጫዋቾችን ከእነርሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ከሚሉት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በጨዋታ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። የሚለያቸው ፈጣኑ ክፍል ነው። ላይኞቹ በከፍተኛ ፍጥነት 1.68 ኪሎ ሜትር ሲሮጡ ታችኞቹ 1.30፤ በስፕሪንት ላይኞቹ 460 ሜትር፣ ታችኞቹ 380። እንግዲህ አሠልጣኞች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ወደ ላይኛው ደረጃ እንዲወጡ ስትጠይቁ የምትጠይቋቸው እነዚያን ተጨማሪ ሜትሮች ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደረጃው ከፍ ሲል የዕረፍቱም ዋጋ አብሮ ከፍ እንደሚል ግን ከጥያቄያችሁ ጋር አላነሣችሁትም።

በዚያው በ2008 ደግሞ የስካንዲኔቪያ ተመራማሪዎች ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን ሴት ተጫዋቾች በ72 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጨዋታ አጫውተው በመካከል ያለውን እያንዳንዱን ለውጥ ለኩ። በአገራችን ያለ አሠልጣኝ ሁሉ ውጤቱን በቃሉ ቢይዘው እመኛለሁ። የ20 ሜትር ፍጥነታቸው በ5 ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። ጉልበትን የሚዘረጉት የጭን የፊት ጡንቻዎች ኃይላቸውን መልሰው ለማግኘት 27 ሰዓት ወሰደባቸው። ጉልበትን የሚያጥፉት የጭን የኋላ ጡንቻዎች 51 ሰዓት። ወደ ላይ የመዝለል አቅማቸው ግን ከ69 ሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛው ጨዋታ ሊጀመር ሲል እንኳ፣ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ከጨዋታ በኋላ ቀላል ብስክሌትና ቀላል ክብደት የሠሩትም ካልሠሩት አልቀደሙም። ያገዛቸው ጊዜ ብቻ ነበር።

ወጥመዱን አስተዋላችሁት? ልጅቱን ከጨዋታ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ሜዳ አውጥታችሁ ሃያ ሜትር ብታስሮጧት የምትይዙት ሰዓት ጥሩ ይሆናል። «ደህና ናት» ትላላችሁ። ፍጥነቷ ተመልሷል፤ ያንን ፍጥነት የሚያቆመው ጡንቻ ግን ገና አልተመለሰም። ሞተሩ እየሠራ ፍሬኑ የላላ መኪና ቁልፍ ለሰው ልጅ ታቀብላላችሁ? በዳሬሰላሙ ውድድር በጨዋታና በጨዋታ መካከል የነበረው ጊዜ በአማካይ ሁለት ቀን ገደማ ነው። የኋላ ጡንቻ የሚፈልገው 51 ሰዓት እንኳ በወጉ ሳይሞላ ወደ ሜዳ ይመለሱ ነበር። ጥናቱ ከወጣ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። ያን መርሐ ግብር በፊርማችሁ አጸደቃችሁት።

የሚቀደደው ምንድን ነው? ኤሲኤል የሚሉት የጉልበት መስቀለኛ ጅማት። ብዙውን ጊዜ ማንም ሳይነካት፣ ስትቆም ወይም ስትዞር ወይም ዘላ ስታርፍ ይበጠሳል። በእግር ኳስ ሴቶች ላይ የሚደርሰው ከወንዶቹ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለ ዳሌ አጥንትና ስለ ሆርሞን ብዙ ተብሏል፤ ያም የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ወሬ ለእናንተ መሸሸጊያ ሲሆን ነው። «ተፈጥሮዋ ነው» ካላችሁ በኋላ የጥንካሬ ልምምድ አለመኖሩ፣ ሜዳው ድንጋያማ መሆኑ፣ ቡድኑ ሠልጥኖ የተመረቀ ወጌሻ የሌለው መሆኑ ከዐይን ይሰወራል። ከ2023ቱ የሴቶች የዓለም ዋንጫ እንደ ቤዝ ሚድ፣ ሊያ ዊሊያምሰን፣ ቪቪያን ሚደማና ካታሪና ማካሪዮ ያሉ ታዋቂ ተጫዋቾች በዚሁ ጉዳት ቀርተዋል። የቼልሲዋ ሳም ከር በጃንዋሪ 2024 ተጎድታ ወደ ሜዳ የተመለሰችው በሴፕቴምበር 2025 ነው፤ ሃያ ወር። የዓለምን ምርጥ ሐኪሞች እያገኘች ሃያ ወር ከፈጀባት፣ በናይሮቢ ዳርቻ ቤተሰቧን በአበሏ የምትደግፍ የመስመር ተጫዋች ጅማቷ ሲበጠስ ምን ትሆናለች? ቀዶ ሕክምናውን ማን ይከፍላል? ዘጠኝ ወር ሙሉ ማን ጉልበቷን ያሠራታል? ውሏ ሲያልቅስ ማን ይደውልላታል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በውሏ ውስጥ አንድ መስመር ጽፋችሁላት ከሆነ አሳዩን።

ስለ ቅጣት ሩጫ ዝም ብዬ አላልፍም። ትናንት ስለተሸነፉ ዛሬ ጠዋት ሜዳ ዙሩ የሚባሉ ልጆች በሁለቱም ከተሞቻችን ሞልተዋል። አራሽ በሬውን ፀሐይ ሲበረታ ፈትቶ ያሳርፈዋል፣ ከራሱ በፊት ያበላዋል፤ ትልሙ ጠመመ ብሎ ማታ ከቀንበር ሥር እያስሮጠ የሚቀጣ ገበሬ ብናይ የመንደሩ ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። ልጆቻችሁን በጨዋታ ማግስት የምታስሮጧቸው ቁጣችሁን ለማብረድ ነው። ያ ሩጫ የሚያስተምራቸው የጨዋታ ጥበብ የለም፤ ያልተጠገነውን ጡንቻ እንደገና ከመቅደድ በቀር ሥራ የለውም። ልጆቹም ፊታችሁ ላይ አይናገሩም። ከተናገሩ የሚቀጥለው ጨዋታ በተጠባባቂ ወንበር ላይ መሆኑን ያውቁታል። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት አትቁጠሩት።

«ገንዘብ የለንም» አትበሉኝ፤ ገንዘብ የማይጠይቀውን አልሠራችሁም። ፊፋ 11+ የሚባለው ማሟሟቂያ ከኳስና ከሜዳ ሌላ ምንም አይፈልግም፣ 20 ደቂቃ ነው። ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ከ1,800 በላይ የኖርዌይ ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ፣ አሁንም በ2008፣ ሲታተም ከባድ ጉዳት ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። ተንበርክከው ጓደኛቸው ቁርጭምጭሚታቸውን ይዛላቸው ወደ ፊት ቀስ ብለው የሚወርዱበት የቋንጃ ልምምድም ነጻ ነው። የሚጠይቀው ሣርና ጓደኛ ብቻ ነው። እነዚህን በየልምምዱ የሚያሠራ አሠልጣኝ አለ፤ ምስጋና ይድረሰው። ዘግይተው መጥተው ሁለት ዙር አስሮጠው፣ እጅ አስወዛውዘው «እንጀምር» የሚሉት ግን ሃያ ደቂቃ ቆጥበው የልጅቱን አንድ ዓመት አባክነዋል።

የሌሊት ጉዞም የገንዘብ ጥያቄ ነው ትላላችሁ። ከናይሮቢ እስከ ምዕራብ ኬንያ በአውቶቡስ አድራ፣ ጉልበቷ በወንበር መካከል ታጥፎ ሳትተኛ ያነጋች ልጅ ከቀትር በኋላ እንድትፈተለክ ትጠበቃለች። ካልተኛች ጡንቻዋ አይጠገንም፤ ለዚህ ምትክ የሚሆን ኪኒንም ሆነ ማሳጅ የለም። በእኛም አገር ክለቦችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ የሊግ ጨዋታ በላይ በላዩ የማስኬድ ልማድ ጉዞውን ቀነሰ እንጂ ሰዓቱን አላረዘመም። አንዱን አስተካክላችሁ ሌላውን ጥላችሁታል።

ምግቡስ? ከጨዋታ በኋላ በጡንቻ የተከማቸው ስኳር እስኪመለስ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ የሚመለሰውም ከበላች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሁሉ ይበልጣሉ። ናይሮቢ ላይ ኡጋሊ የሚባለው የበቆሎ ገንፎና ባቄላ ውድ አይደለም፣ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን በየመንገዱ ይሸጣል፤ እኛ ጋ እንጀራ በምስር አለ። ልጅቱ ከሜዳ ወጥታ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ መንገድ ተዘግቶባት፣ ቤቷ ደርሳ ሻይ በዳቦ ጠጥታ የምትተኛ ከሆነ ግን ያ ጨዋታ ከሰውነቷ ገና አልወጣም። ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር ደግሞ የወር አበባ የምታይ ሴት ከወንድ እጥፍ በላይ ትፈልጋለች። ወዲያው ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ወደ ደም የሚገባውን የምግቡን ብረት እንደሚቀንስ የነገራት ማን ነው? የደም ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ አድርጋችሁላት ታውቃላችሁ? በጾም ወራት ጾሟ የእምነቷ ጉዳይ ነው፣ ማንም ጣልቃ አይግባበት፤ በጾም የምትበላው ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍና ኑግ በበቂ መጠንና በሰዓቱ ከገበታዋ እንዲደርስ ማሰብ ግን የካምፑ ኃላፊ ሥራ ነው።

ስለ ወር አበባ መጠየቅ ያሳፍራል የምትሉ አሠልጣኞች አላችሁ። ሲመቷት፣ ስትወድቅ፣ ስትደማ እያያችሁ የማታፍሩ ሰዎች በዚህ ማፈር አትችሉም። የሚያሳፍራችሁ ከሆነ የምታሠለጥን ሴት ረዳት ቅጠሩ። የወር አበባዋ ለወራት የቀረባት ተጫዋች ካለች ይህ ምቹ ነገር አይደለም። ሰውነቷ የሚገባው ምግብ ከሚወጣው ጉልበት አንሶት ወደ አጥንቷ መዞሩን የሚያስታውቅ ደወል ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን በ2014 በይፋ አስታውቋል። አጥንቷ በልምምድ ላይ ሲሰነጠቅ ያን ጊዜ አናውቅም ነበር ማለት አይቻልም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ የሚሆነው ዕረፍትን ለዓለም ባስተማሩ ሁለት አገሮች መሆኑ ነው። ካፕታጋት ሄዳችሁ የማራቶን ሯጩን የኤሊውድ ኪፕቾጌን ሰፈር ጠይቁ፣ በቆጂ ሄዳችሁ የእኛዎቹን ሯጮች ጠይቁ። ቀላል የተባለ ቀን እውነት ቀላል ነው፤ ከባድ ልምምድ ካለፈ በኋላ ሯጩ ይበላል፣ ቀን ይተኛል፣ ማንም አይቀሰቅሰውም። ፈረንጆቹ ይህን ለማየት ከሩቅ ይመጣሉ። ያን ጥበብ የያዘ ሕዝብ ኳስ ለምትጫወት ልጁ ሲሆን ለምን ይጠፋበታል? መልሱን ታውቁታላችሁ፤ እኔም አልሸፋፍነውም። ሯጩ ሜዳልያና ዶላር ያመጣል፣ የኳስ ተጫዋቿ ግን ገና አላመጣችም ብላችሁ ስለምታስቡ ነው። ይህ ሐሳብም ስሕተት ነው። የኬንያ ከ17 ዓመት በታች ልጃገረዶች በ2024 በናይሮቢ የእኛን ልጆች 3 ለ 0 ረትተው፣ ከዚያም ቡሩንዲን አልፈው፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ላይ አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በፊፋ የዓለም ዋንጫ መድረክ ላይ አቁመዋታል፤ ሜክሲኮንም 2 ለ 1 አሸንፈዋል። የወንዶቹ ቡድን በታሪኩ ያልደረሰበት ደርሰዋል። እነዚህ ልጆች አሁን ወደ ዋናው ቡድን እያደጉ ነው። ጉልበታቸው ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ከረገበ ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ከአሁኑ ይታወቅ።

እኛ ተመልካቾችና ጋዜጠኞችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። በ80ኛው ደቂቃ ላይ ኳስ ወደ ፊት ተጥሎላት ሳትደርስበት የቀረችውን አጥቂ «ሰነፈች» ብለን እንጮኻለን፤ በማግስቱም «አቋሟ ወርዷል» ብለን እንጽፋለን። ያ የኮፐንሃገን ጥናት በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች የዓለም ምርጦቹም ፈጣን ሩጫ በግልጽ እንደሚወርድ ለክቶ አሳይቷል። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ በሐዋሳና በደደቢት፣ በስዊድንና በማልታ ስትጫወት ያየ ሰው አንዲት ግብ አስቆጣሪ ስንት ጊዜ ተፈትልካ ኳስ ሳታገኝ እንደምትመለስ ያውቃል። አንዱን ግብ የሚያመጡት እነዚያ ባዶ የተመለሱ ሩጫዎች ናቸው። ጋዜጠኛው ግብ መቁጠሩን ትቶ ከባለፈው ጨዋታ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ቢጠይቅ ለአንባቢው እውነት ይነግረዋል።

አንቺም እኅቴ፣ ቦታዬን ላጣ ነው ብለሽ ሕመምሽን የምትደብቂ፣ ልወቅስሽ አልደፍርም፤ የገፋሽን ነገር አውቃለሁ። ግን ለወጌሻው ዋሽተሽ፣ በማደንዘዣ ቅባት አፍነሽ ወደ ሜዳ አትግቢ። ቡድኑ ያለ አንቺ አንድ ጨዋታ ይችላል።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ሴካፋ የሚቀጥለውን የሴቶች ውድድር ደንብ ሲያወጣ በሁለት ጨዋታዎች መካከል ከ72 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ እንዲኖር በቁጥር ይጻፍ፤ የሆቴሉ ወጪ ካልተቻለ የቡድኖቹ ቁጥር ይቀነስ ወይም የተጫዋቾች ዝርዝር ይሰፋ፣ ከልጆቹ ሰዓት ግን አይቀነስ። የኬንያም የኢትዮጵያም ፌዴሬሽን ለሴቶች ሊግ ፈቃድ ሲሰጥ የማሟሟቂያውን 20 ደቂቃ፣ የተመረቀ ወጌሻን፣ ከጨዋታ በኋላ የሚቀርብ ምግብንና ከጉዳት በኋላ የሚቀጥል ደመወዝን መስፈርት ያድርግ፤ ያላሟላ ክለብ አይመዝገብ። በጨዋታ ማግስት የቅጣት ሩጫ ያሠራ አሠልጣኝ እንደ ማንኛውም የሥነ ምግባር ጥፋተኛ ይቀጣ። ወጌሻውም «ዛሬ አትጫወትም» ካለ፣ አሠልጣኙም ፕሬዚዳንቱም ስፖንሰሩም ያን ቃል መሻር እንደማይችሉ በደንባችሁ ውስጥ፣ ከፊርማችሁ በላይ፣ ጻፉት።